ቴፑን ያስጮኸው ቀርከሃ

ቢላ ቆርቆሮ ሲፍቅ በሰማሁ ቁጥር ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል፣ ደስም ይለኛል፤ ድምፁ ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ብሎ ወደነበረው የሰሊጥ እርሻችን ይመልሰኛል።

ክረምቱን አረሙን ቤተሰቡ ተባብሮ ይወጣው ነበር፤ አጨዳው ግን ያለ ደጋ ሠራተኛ አይሞከርም። ሰሊጥ አፉን ከከፈተ አይታገሥም፣ መሬት ላይ ይረግፋል። ሠራተኞቹም ይህን ስለሚያውቁ ኮራ ብለው፣ ስለ ደመወዙ ከተነጋገሩ በኋላ «ቴፕ አለ ወይ?» ይሉ ነበር፤ ዘፈን የሌለበት እርሻ ላይ ማን ያጎነብሳል! የቴፓችን የባትሪ ቤት ዝጎ ስለነበር አባቴ ቀርከሃ ሰንጥቆ፣ የባትሪ ድንጋዮቹን በውስጡ ደርድሮ፣ ዳርና ዳሩን በሽቦ ከቴፑ ጋር አገናኝቶ፣ በሥራው ይመካ ነበር።

አንድ ጥቅምት ላይ ቴፑ ዘፈኑን እየጎተተ ይደክም፣ ጭራሽም ዝም ይል ጀመር። አባቴ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ «ድንጋዩ ደክሞ ነው» እያለ ፀሐይ ላይ ያሰጣው ነበር። ያውም በመተማ ፀሐይ! ድንጋዮቹ ላብ አውጥተው ጫፋቸው ዛገ። በመጨረሻም አዲስ ድንጋይ ሊገዛ ከተማ በሄደበት ጠዋት የሠራተኞቹ አለቃ፣ ጎጃሜው፣ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ እናቴ ፊት ቆመ።

«እታለም፣ አይቀየሙን፤ ወደ ጎረቤት ልንሄድ ነው፤ እዚያ ቴፕ ይጮሃል።»

የእናቴ ፊት ጠቆረ። ሰሊጡ አፉን መክፈት ጀምሯል። በንዴት ቀርከሃውን ልትወረውር ከዳርና ዳር ጭብጥ ስታደርገው ቴፑ ጮኸ፤ ለቀቅ ስታደርገው ዝም አለ።

«ድንጋዩስ አልሞተም፤ ጫፎቹ አልተነካኩም እንጂ! ነይ ያዢልኝ» አለችኝና የየድንጋዩን ጫፍ እስኪያበራ በቢላ ፍቃ፣ መልሳ ደርድራ፣ ከአሮጌ ጎማ የቆረጠችውን ላስቲክ ከዳር እስከ ዳር ወጥራ አሰረችው። «እስቲ ወዝውዘው» አለችው አለቃውን። ወዘወዘው። ዘፈኑ አልተቆረጠም። እሱም ሳቀና ማጭዱን ከጨርቁ ፈታ።

አባቴ አዲስ ድንጋይ ይዞ ሲመለስ የማሳው እኩሌታ ታጭዶ፣ ነዶው ቆሞ ጠበቀው። ሰሊጣችን ተረፈ። እናቴም ቤት ውስጥ የሆነ ነገር በተበላሸ ቁጥር «ፀሐይ ላይ አስጣው» እያለች ስታሾፍበት ኖረች።

ዛሬ እርሻው ላይ ሶላር አለ። ባትሪውን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ሴሎቹን አጽድቼ እበይዳለሁ፣ ማንም ቢወዘውዘው ንክች አይልም። ሠራተኞቹ ስልካቸውን ከእሱ ሞልተው፣ የየራሳቸውን ዘፈን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ያጭዳሉ። ባለፈው ጥቅምት አንዱን ወባ ጥሎት ሲጣራ ጓደኞቹ ሳይሰሙት አልፈውት ሄዱ፤ ደግነቱ እኔ ደረስኩለት። ያኔ ቴፑ ዝም ሲል እንኳ ማሳው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንዴ ቀና ይል ነበር።