ያላደረስኩት የጋሼ ተሰማ ቃል

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናግሬአለሁ። ጾም መግደፌን፣ እህቴን ማስቀየሜን፣ ባለቤቴን ያለ ምክንያት መጠርጠሬን ሳይቀር ነግሬአቸዋለሁ። ይህን አንዱን ግን በየዓመቱ እየዘለልኩት እዚህ ደርሻለሁ። ልናገረው ስል ቀለል ያለ ሌላ ኃጢአት ትዝ ይለኛል፤ እሱን ተናግሬ፣ ቀኖናዬን ተቀብዬ እወጣለሁ። ዛሬ ለማታውቁኝ ለእናንተ ልንገራችሁ። እኔ የሰው ቃል አጥፍቻለሁ። አንድ ሽማግሌ አምነው የሰጡኝን ቃል አስቀርቼ፣ ያላሉትን እንዳሉ አድርጌ ተናግሬአለሁ።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ሆስፒታልም ይሁን ፍርድ ቤት፣ እንግሊዝኛ ያልሆነለት የአገሬ ሰው ባለበት ሁሉ እጠራለሁ። ነገሩ በሆነበት ጊዜ፣ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ገና ጀማሪ ነበርኩ። ሲፈልጉኝ ይደውሉልኛል፣ ካልፈለጉኝ ቤቴ እቀመጣለሁ። የከተማውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው የትምህርት ቦርድ ቋሚ አስተርጓሚ እንደሚቀጥር ሰምቼም ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። ይህን ከወዲሁ የምናገረው በኋላ ደበቀች እንዳትሉኝ ነው።

እዚያው ቶሮንቶ፣ ኖርዝ ዮርክ የሚባል ሰፈር ውስጥ ተማሪ አንሶበት የተዘጋ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ነበር። ልጆቹ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወሩ ክፍሎቹ ለአዋቂዎች የእንግሊዝኛ ትምህርት ዋሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የእኛ ልጆች አማርኛ ይማሩበት ነበር። አስተማሪያቸው ጋሼ ተሰማ ናቸው። አገር ቤት የወረዳ ከተማ ነጋዴ ነበሩ። በቄስ ትምህርት ቤት ያደጉ፣ አማርኛቸው የጠራ፣ እንግሊዝኛ ግን ከሰላምታ የማያልፉ ሰው ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸው፣ ከሚኖሩበት ከቶርንክሊፍ ፓርክ ሁለት አውቶቡስ ቀያይረው፣ የልጅ ልጃቸውን ትንሿን ሩትን አስከትለው ያለ ክፍያ ፊደል ሊያስቆጥሩ ይመጡ ነበር። ሰሌዳው በማርከር የሚጻፍበት ቢሆንም እንደ ድሮ አስተማሪ ጠመኔ የነካቸው ይመስል እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ያራግፋሉ። ልጆቹ ይህን እያዩ ይስቁባቸው ነበር፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ቦርዱ ያንን ቦታ ሊሸጥ አሰበና ነዋሪውን ስብሰባ ጠራ። እኔም ለአማርኛ ተናጋሪዎች ተጠራሁ። ዕለቱ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከሥራ መውጫ በፊት ነበር። ወጣቶቹ ገና ሥራ ላይ ስለነበሩ ከእኛ ሰው የመጡት ሰባት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ብቻ ናቸው። በስፖርት አዳራሹ በብረት ወንበር ላይ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ በአንድ ረድፍ ተቀመጡ። የቦርዱ ኃላፊ ትሑት ሴት ነበረች። ለትምህርት የማይፈለግ መሬት ሲኖር እንደሚሸጥ፣ ገንዘቡ ለደመወዝ ሳይሆን ለቀሩት ትምህርት ቤቶች ጣሪያና ማሞቂያ፣ ለአዳዲስ ክፍሎችም እንደሚውል አስረዳች። የሚያፈስ ጣሪያ ሥር የሚማሩ ልጆች እንዳሉም ተናገረች። እውነቷን ነበር። ይህን ሁሉ አንድ ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ።

ከዚያ ጋሼ ተሰማ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ማይክራፎኑ ጋ ሄዱ። እኔ ማስታወሻዬን ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ።

«እኔ የትምህርት ቤት መሬት የሸጥኩ ሰው ነኝ» ብለው ጀመሩ።

በከተማቸው የወላጆች ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ሕዝቡ ያዋጣው ሰፊ ቦታ ነበረው፤ በገበያው በኩል ያለው ለሱቅ ተከራይቶ፣ በኪራዩ መጽሐፍ ይገዛል፣ ለሁለት መምህራን ይከፈላል። አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰ። የገበያውን በኩል ሽጡና ጣሪያ ሥሩ ተባሉ፤ እሳቸውም ፈረሙ።

«ቆርቆሮው ሲያብረቀርቅ ከሩቅ ይታይ ነበር። ተሸልሜበታለሁ። ካባ ለብሼበታለሁ» አሉ። «ከዓመታት በኋላ ቆርቆሮው ዛገ። ኪራይ የለ፣ መሬት የለ። ሁለቱ መምህራን ተሰናበቱ፣ ክፍላቸውም ተዘጋ። ከዚያ ክፍል ወጥተው ሸክም የገቡትን ልጆች በስማቸው አውቃቸዋለሁ። ይህን ለሚስቴም አልነገርኳት። ለእናንተ የምናገረው እንዳትደግሙት ነው። ቦታውን አከራዩት እንጂ አትሽጡት። መሸጡ የግድ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡን ጣሪያ አድርጋችሁ አትጨርሱት። በአደራ ይቀመጥ። ዋናው ሳይነካ በየዓመቱ የሚያፈራው ብቻ ለልጆች ይዋል። ያን ጊዜ ዛሬ ያልተወለደውም ይደርሰዋል።»

ይህን ብለው አለቀሱ። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ወንድ፣ በፈረንጅ ፊት፣ ቆቡን ጨምድዶ ይዞ አለቀሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ንገሪልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ማስታወሻዬ ሙሉ ነበር። ታዲያ ለምን አልተናገርኩም? እኔን የያዘኝ ይሉኝታ ነው። ልጆቻቸውን የሚያስተምረው እንዲህ ያለ ሰው ነው ይሉናል ብዬ ፈራሁ። ገበናቸውን ልሸፍንላቸው፣ ነገ ሲረጋጉ ያመሰግኑኛል አልኩ። ለራሴ የነገርኩት ይህንን ነው። ከዚህ ሥር ግን ሌላም ነበር። ኃላፊዋ ሰዓቷን አይታ ነበር። ማመልከቻዬ እሷ መሥሪያ ቤት ነው ያለው። እንባና ወቀሳ ይዤ ከፊቷ መቆም አልፈለግሁም። የትኛው በለጠ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ፤ መልሱ ሲመጣ አልወደውም።

በእንግሊዝኛ ይህን አልኩ፦ እኚህ ሰው በአገራቸው ትምህርት ቤት ያገለገሉ ናቸው፤ ክፍሉን ስለፈቀዳችሁላቸው ያመሰግናሉ፤ የጣሪያ ጥገናም ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያውቃሉ። አራት ደቂቃ የተናገሩትን እኔ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረስኩት። ማንም አልጠረጠረኝም።

ኃላፊዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነቻቸው። ጋሼ ተሰማ እጇን አዩ። የነገሯት ነገር ልቧ የገባ መስሏቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

«ምን አለች?» አሉኝ ስንመለስ።

«በጣም ተነክታለች። እናስብበታለን ብላለች።»

«ተመስገን። ወጣልኝ» አሉና ተቀመጡ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ አንድ ጥፋት ነበር። ከወር በኋላ ደወሉልኝ። ቃላቸው የተጻፈበት ቃለ ጉባኤ ይኖራል ብሎ ልጃቸው ነግሯቸዋል። ከቦርዱ ድረ ገጽ ላይ አውጥቼ፣ አትሜ ቤታቸው ወሰድኩላቸው። የሳቸው ነገር አንድ መስመር ነበር። በትምህርት ቤት ያገለገሉ አንድ ነዋሪ ቦርዱን አመስግነው ለጥገናው ድጋፋቸውን ገለጹ ይላል።

«አንብቢልኝ» አሉኝ።

አነበብኩ። ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ሁሉ በአማርኛ ከአእምሮዬ አነበብኩላቸው። ሱቆቹን፣ ኪራዩን፣ ቆርቆሮውን፣ መምህራኑን አነበብኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆዩና በመሀል አስቆሙኝ።

«ተሸልሜበታለሁ ያልኩትስ? ትተውት ይሆናል።»

«አለ፣ ጋሼ። ተጽፏል።»

«ጎሽ። እሱ መቅረት የለበትም» አሉ። ወረቀቱን ተቀብለው በአራት አጥፈው ዳዊታቸው ውስጥ አስገቡት። ያን ዕለት ምሳ አብልተው፣ እስከ አሳንሰሩ ድረስ ሸኝተው፣ ሲመርቁኝ ቆዩ። አሜን እያልኩ ተቀበልኩ። እንዴት አፌ አልተያዘም?

ቦታው ተሸጠ። ዛሬ እዚያ ኮንዶ ቆሟል። የቅዳሜው ክፍል አንድ ሁለት ቦታ ተቀይሮ በመጨረሻ ቀረ። ሥራውን አገኘሁ፤ እስከ ዛሬም እበላበታለሁ። ጋሼ ተሰማ ግን አልተቆጡም። «ነግሬአቸዋለሁ። ከእኔ ወርዷል» ይሉ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲያገኙኝ ለሚያገኙት ሰው ሁሉ «ቃሌን ያደረሰችልኝ ይህች ናት» ብለው ያስተዋውቁኝ ነበር። እኔም ቀስ በቀስ እሳቸው የሚቆሙበትን በር ትቼ በሌላው መግባት ጀመርኩ።

አምና ዐረፉ። ሦስተኛው ቀን ላይ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለ ሩት መጣች። አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት፤ አስተማሪ ለመሆን ትማራለች። ያንን የታጠፈ ወረቀት ይዛ ነበር።

«የአባባ ዳዊት መጽሐፍ ውስጥ አገኘሁት» አለችኝ አጠገቤ ተቀምጣ። «ሁሌ ስቶሪ ይነግረን ነበር፣ ቦርዱ ፊት ቆሜ ጥፋቴን ተናገርኩ፣ አትሽጡ አልኳቸው እያለ። ባት ሉክ፣ እዪው። ታንክ ዩ ነው ያለው። ጥገናውን ሰፖርት አድርጓል፣ ደግፏል።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ኢትስ ኦኬይ። ጀስት፣ እኔ አምኜው ነበር። ለፕሮፌሰሬ ሁሉ ነግሬያለሁ።»

እኔ እዚያ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። እውነቱን የማውቅ በሕይወት ያለሁ ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ አብረው የነበሩት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ ዐርፈዋል፣ የቀሩትም አያስታውሱም። አፌን ብከፍት አያቷን እመልስላት ነበር።

«ዕድሜ ነው፣ የኔ ልጅ። ሰው ሲያረጅ ይቀላቅላል» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

መሬቱ መሸጡ አይቀርም ነበር ትሉኝ ይሆናል። አውቃለሁ፤ አይቀርም ነበር። ግን እኔ የተጠየቅሁት መሬት እንዳድን አይደለም። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የደበቀውን ጥፋት በአደባባይ ሊናገር ደፈረ፤ እኔ አፉ ላይ ቆሜ ምስጋና አደረግሁት። ሰባት ሺህ ማይል ተሸክሞት የመጣውን ነገር አውርዶ ሄደ ብሎ አመነ፤ እኔ ግን የትም አላደረስኩለትም። ከሞተ በኋላ ደግሞ በልጅ ልጁ ፊት ቀባጣሪ አደረግሁት። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይሉኝታም አይደለም፣ ድህነትም አይደለም፣ ጀማሪነትም አይደለም። እኔ ነኝ።

ለሩት መንገር አለብኝ። ስልኳ አለኝ። አራት ጊዜ ደውዬላት ስለ ትምህርቷ ጠይቄ ዘግቻለሁ። ይህን ጽሑፍ እሰጣት ይሆናል፤ አያቷ ፊደል አስቆጥረዋታልና ቀስ ብላም ቢሆን ታነበዋለች። እሷ ብትጠላኝ መብቷ ነው፤ ብትምረኝም ምሕረቱ የእሷን ድርሻ ብቻ ነው የሚሽረው። የቀረውን ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው እስከ መጨረሻው ቀን ሲያመሰግነኝ ኖሮ ነው የሞተው።