ጉልበቴን ላሳርፍ ብቀመጥ

ከቅዳሴ ስመለስ ጎፋ ላይ ጉልበቴ አልራመድ ቢለኝ አንድ ሱቅ ደጃፍ ቁጭ አልኩ። ፀጉሩን ያንጨባረረ ጎረምሳ ስልኩን ደግኖ መጣና ጭኔ ላይ ዳቦ አኖረ።

"ማዘር፣ ልጅ የለዎትም?"

"አለኝ እንጂ። አንተም እናት ካለችህ ፀጉርህን ታበጥርልህ" አልኩት።

በማግስቱ ቲክቶክ ላይ "ልጇ ያባረራት እናት" ተብዬ ወጣሁ። አብሮኝ የሚኖረውን፣ ጉልበቴን በቅባት እያሸ የሚያስተኛኝን ልጄን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ አኮረፈው።

ጎረምሳውን ፈልጌ አገኘሁት። "በዚያው ስልክህ እውነቱን እናገራለሁ" ብዬ አስቀረጽኩት። ልጄ እንዳላባረረኝ፣ ያለ እሱ እህል እንደማይወርድልኝ ተናገርኩ። ጎረምሳው ይህንንም ቪዲዮ ለቀቀው። እኔ ፊደል ስለማልለይ ሰው የጻፈውን ጎረቤቴ ዘነበች አነበበችልኝ።

"አይ እናት፣ ዛሬም ገመናውን ትሸፍንለታለች" ይላል አንዱ።

"አስፈራርቷት ነው፣ እንባዋን እዩት" ይላል ሌላው። የሚያስለቅሰኝ የዓይን ሕመም መሆኑን ማን ይንገራቸው።

ልጄ ከሥራ ሲገባ ራቱን አልነካም። በሩን ዘጋና አጠገቤ ተቀመጠ።

"እማዬ፣ አሁን ማንም አይሰማንም" አለኝ። "እስቲ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ፤ ምን በድዬሽ ነው?"