ይግባኝ መንግሥት መሥሪያ ቤት የገባ ጊዜ

ከግል ጥብቅና ቢሮው የለቀቀው ታኅሣሥ ውስጥ ነው። ወይስ መጋቢት? ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ግንባሩን እየጠረገ ቤቴ ሲገባ ይታየኛል። በታኅሣሥ ብርድ ማን እንዲያ ይሆናል? እንግዲያው መጋቢት ይሁን፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ይግባኝ የሚለውን ቅጽል ያወጣንለት ዩኒቨርሲቲ ሳለን ነው። «ኤ» ያገኘበትን ፈተና እንኳ እንደገና ይታይልኝ ይል ነበር። ከተመረቅን በኋላ እኔ ወደ መጻፉ ሳዘነብል እሱ ጠበቃ ሆነ። ከቢሮው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የአንዲት ባልቴት የልብስ ስፌት ሱቅ አለ። እማማ እንላቸዋለን፤ ሁለታችንም ሱሪ የምናሳጥረው እሳቸው ዘንድ ነበር። መንግሥት «ሱቁ የእኔ ነው፣ ይልቀቁ» ብሎ ሲከሳቸው፣ ሟች ባላቸው የገዙበትን ውል ይዘው መንገዱን ተሻገሩ። ይግባኝም ጉዳዩን ያዘላቸው። ዓመታት ፈጀ።

«ለቀቅኩ» አለኝ ያን ዕለት፣ ሳይቀመጥ።

«ወዴት?»

«መንግሥት ጋ። የመንግሥት ጠበቃ ሆኛለሁ።»

«እማማን የሚከሳቸው መሥሪያ ቤት?»

«አንተ ደግሞ! የሳቸውን ፋይል በእጄም አልነካ። ሕጉስ መቼ ይፈቅድልኛል? አሳውቄያለሁ። በቀድሞው ቢሮዬም ሌላ ጠበቃ ተክቼላቸዋለሁ።»

«ምን ነካህ ግን?»

«ደከመኛ! ልጆቼ የሚያውቁኝ በስልክ ነው። ደንበኛ ስለማመጥ፣ የዳኛ ፊት ሳይ ጨጓራዬ አለቀ። እኔም እንደ ሰው በሰዓቴ ገብቼ በሰዓቴ ልውጣ።»

አብረን ልንሰናበታቸው ሄድን። የሙሽራ ቀሚስ እያጠበቡ ነበር፤ መርፌውን ከከንፈራቸው ሳያወጡ ሰሙት።

«እንግዲህ ከወዲያ ሆነህ ታስብልኛለህ ማለት ነው» አሉ።

«እማማ፣ እኔ ወዲያ ስለ እርስዎ ጉዳይ ዲዳ ነኝ። አልሰማም፣ አልናገርም።»

«አደራ፣ ልጄ።»

«በልጆቼ!» አላቸውና ጉልበታቸውን ሳመ።

በቀጠሯቸው ቀን ችሎት የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። የመንግሥት ጠበቃው አፍላ ጎልማሳ ነው፤ ውሉን ገለጥ አድርጎ አየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው።

«ባለቤትዎ ይህ ውል በተፈረመበት ቀን የት ነበሩ?»

እማማ ወደ ውሉ አዩ። አዲሱ ጠበቃቸው ዞሮ አያቸው፤ ምንም አያውቅም። እሳቸው ደግሞ መዋሸት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው።

«ሆስፒታል ተኝቶ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እጁ እየተንቀጠቀጠ አስቸገረው፤ ወንድሙ ፈረመለት። ገንዘቡን ግን እሱ ራሱ ነው የከፈለው፣ ጌታዬ።»

ዳኛው ውክልና አለ ወይ ብለው ጠየቁ። አልነበረም። ሱቁ በዚያ አለቀ። ከችሎት ስንወጣ እማማ ክንዴን ያዙ።

«የባሌ ወንድምም አልፏል፤ ይህን ከእግዜር በታች የምናውቀው እኔና ልጄ ብቻ ነን» አሉኝ። ልጄ የሚሉት ይግባኝን ነው። አላለቀሱም። የስፌት መኪናቸውን የት እንደሚያስቀምጡ ጠየቁኝ።

በማግስቱ አዲሱ ቢሮው ሄድኩ። መታወቂያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ ፊቱ ሞላ ብሏል፣ ቀለሙም ተመልሶለታል። ለምን እንደመጣሁ ሳልነግረው ገባው።

ጠበቆች ሻይ ላይ ሲማከሩ የባለጉዳይ ስም አይጠሩም፤ አንዱን ወገን «ሀ»፣ ሌላውን «ለ» ብለው ነው የሚጠያየቁት። ከተማሪነታችን ጀምሮ እንዲሁ ነው።

«ጎረቤት ጠረጴዛ ያለው ልጅ ጠየቀኝ» አለ። «‹ሀ› ውል አለኝ ይላል፣ ፊርማው ደህና ይመስላል፣ ‹ለ› ከየት ይጀምር አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«ሻዬን እያማሰልኩ ነበር። ከፈራሚው ጀምር፣ የዚያን ቀን የት ነበር በል አልኩት። ምን አለበት? የአንደኛ ዓመት ተማሪም የሚለው ነው!»

«የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆስፒታሉን አያውቅም።»

«ፋይሉን አልነካሁም።»

«አልነካህም።»

«ስማቸውንም አልጠራሁም። እሱም አልጠራልኝ። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ሙያዬን ልርሳ?»

ድምፁ ከፍ ስላለ ማዶ የተቀመጠችው ጸሐፊ ቀና አለች። ያ የችሎቱ ጎልማሳም ከጎረቤት ጠረጴዛው አየንና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ይግባኝ እስክሪብቶውን እየከፈተ ይዘጋል። ልጠይቀው የመጣሁት አንድ ነገር ነበር፦ ያን መልስ ስትመልስ የማን ፊርማ ነበር ዓይንህ ላይ የመጣው? ከምላሴ ጫፍ ደርሶ፣ እንዴት ብዬ ልጀምር እያልኩ ሳመነታ ግቢው ውስጥ ጥሩምባ ተነፋ።

«ሰርቪሱ!» ብሎ ብድግ አለ። መሳቢያውን ቆለፈ፣ ኮቱን አንድ እጅጌ ብቻ አጠለቀ። «ካመለጠኝ በታክሲ መጋፋቴ ነው። እማማን ሰላም በልልኝ፣ እሺ?»

መልሴን አልጠበቀም። በመስኮት ሳይ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ለአንዱ ባልደረባው ቦታ ሲለቅለት አየሁ። አንዳች ነገር አወሩና ሁለቱም ሳቁ። ሹፌሩ በሩን ዘጋ።