ከሆሳዕና ፍትሐት ቀድማ የወጣች

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ፍልስፍና ያስተማሩን ሰውዬ ይህን ሰሌዳው ላይ ጽፈው በሩን ዘግተው ይወጡ ነበር። መልሱን አንድም ቀን አልነገሩንም። እኔም መካነ ኢየሱስ ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር ጥያቄውን ለልጆቹ እያቀበልሁ ኖርሁ፤ ያልበላሁትን እንዳጎርስ ያህል። ዛሬ ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ጥያቄው ሲመጣብኝ ሰሌዳው አይታየኝም። የሚታየኝ ባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬና እሱን በብረት የምትደበድብ ቀጭን ሴት ናት።

ጌጤ ትባላለች። የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ደወሉም የእሷ ነበር። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ በወባ ሲቀርባት፣ ሴት ልጇን ቅድስትን አዝላ፣ ወንዱን ጌትነትን በእጇ እየመራች ከገጠር ወደ ከተማ ገባች። ከዚያ ወዲያ ስለ ባሏ ስታወራ የሰማኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ «ሰሊጥ ቀምሼ አላውቅም» አለችኝ፤ በቃ።

ምላሷ ግን ስለት ነበረው። አንድ ጠዋት ዘግይቼ ስገባ ብረቷን እንደያዘች ጠበቀችኝ።

«ጋሽ ሙሉነህ፣ ደወሉ ለልጆቹ ብቻ መሰለዎ?»

«እያሰብሁ ነው የዘገየሁት ጌጤ።»

«ታዲያ ሲያስቡ ይራመዱ! እግርዎ ምን ይሠራል?»

ጌትነት በዚያ ደወል ስር አደገ። ነርስነት ተምሮ ተመረቀና ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወዲያ ባለች አንዲት የገጠር ጤና ጣቢያ ተመደበ። ጌጤ ያን ሰሞን ከደስታዋ ብዛት ደወሉን ስትመታ ታበዛው ነበር። «የሰው ልጅ ጠመንጃ ይዞ ይዞራል፤ የኔ መርፌ ይዞ ይዞራል» ትል ነበር ለሰማትም ላልሰማትም።

ከዚያ መንገዱ የተዘጋበት፣ ስልኩም የጠፋበት ዓመት መጣ። ከወገዳ ወሬ የሚመጣው በእግረኛና በበቅሎ ነበር። ጌጤ የልጇን ድምፅ ሳትሰማ ጾሙ ገባ፤ ሳትሰማም ሆሳዕና ደረሰ።

የሆነውን ለመረዳት አንድ ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። በሰሙነ ሕማማት ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ሳምንቱ የጌታ ሞት ነው፤ የሌላው ሁሉ ሞት ዝም ይላል። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሁሉ ሆሳዕና እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አስቀድሞ ይፈታል። ማን እንደሚሞት የሚያውቅ የለምና ሕዝቡ ሁሉ ዘንባባውን ይዞ፣ በቁሙ የራሱን ፍትሐት ይሰማል። ሽማግሌዎቻችን «ዘንባባው ይቅር፣ ፍትሐቱ አይቅር» ይላሉ። እኔ እንኳ፣ ለብዙ ዓመት በመጠራጠር የኖርሁት ሰው፣ ያን ጸሎት ሳልሰማ ወጥቼ አላውቅም።

ጌጤ ያን ዕለት ወጣች። አንድ ነጋዴ በቅሎውን ጭኖ ወደ ወገዳ ሊነሣ መሆኑን ሰምታ ነበር። በሶ፣ ሹራብ፣ ከዘንባባ የተሠራች ቀለበትም ጠቅልላ በነጠላዋ ስር ይዛለች። ደጀ ሰላሙ ላይ ተገናኘን።

«ፍትሐቱ ሳይደረግ ወዴት ነው?» አልኋት።

«ሰውየው ሊያመልጠኝ ነው። ከልጄ የሚበልጥብኝ ፍትሐት የለም!» ብላ እየሳቀች ሮጠች።

ያቺን ቃል በኋላ ስንት ጊዜ በልቧ እንደመላለሰቻት እግዚአብሔር ይወቅ።

ጌትነት ማክሰኞ ሞተ። ከጤና ጣቢያው ወደ ማደሪያው ሲመለስ ነው፤ ከየት እንደተተኮሰ ያልታወቀ ጥይት። በነጋታው እዚያው ቀበሩት። ካህናቱ ቆመው አፈሩን አዩ፤ አፋቸውን አልከፈቱም። ሥርዓቱ ነው። ነጋዴው የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነበርና ጥቅሏን እንደታሠረች ይዟት ተመለሰ።

ጌጤ ቤት የደረሰው ቅዳሜ ነው። ካህናቱ ቃጭል እያሰሙ ቄጠማውን አድለው ማለፋቸው ነበር። እሷም እንደ ሰው ሁሉ ቄጠማዋን ራሷ ላይ አስራለች። ነጋዴው ጥቅሏን መደቡ ላይ አኖረና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጎረቤት ነኝና ጩኸቷን ሰምቼ ገባሁ። ቄጠማውን ከራሷ የፈታላት የለም። ፋሲካ በዚያው ላይ ዋለ፤ ደርቆ ትከሻዋ ላይ እስኪረግፍ።

ሐዘን ሁሉም ቤት ገብቶ ያውቃል። የጌጤ ሐዘን ግን አንድ ቦታ ላይ ተቸነከረ፤ ልጄ ሳይፈታ ቀረ በሚለው ላይ። የደብሩ አገልጋይ ቄስ ቀለመ ወርቅ፣ ድጓ የሚመሰከርባት ደብር፣ ቤተ ልሔም ገብተው ያስመሰከሩ፣ ቃላቸው የሚከበር ካህን ናቸው። ከአርባው በኋላ ሊያጽናኗት መጡ፤ እኔም ነበርሁ።

«እመት ጌጤ፣ የሆሳዕናው ፍትሐት ለሁሉ ነው። ለቆመውም፣ ላልቆመውም።»

«እሱ ሆሳዕና ዕለት ጤና ጣቢያው ተረኛ ነበር፤ አልቆመም። እኔ ቆሜ ልሰማለት ስችል ወጣሁ። ታዲያ ማን ሰማለት አባ?»

«እግዚአብሔር ሰማ።»

«ሰምቶ ነው ማክሰኞ የወሰደው?»

ቄሱ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ አዛወሩ። «ደግሞም አርባው ላይ ስሙ ተጠርቷል። በጆሮሽ ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። እስከ አርባው የት ነበረ ነው የምለው። ስሙን የሚጠራለት ሳይኖር፣ አርባ ቀን ሙሉ፣ ማን ደጅ ላይ ቆሞ ዋለ?»

ይኼኔ እኔ፣ የተማርሁት፣ መሃል ገባሁ። ጊዜ ለሞተ ሰው እንደኛ እንደማይቆጠር፣ አርባ ቀን የሚባለው በኛ ፀሐይ እንጂ በነፍስ ዘንድ እንዳልሆነ አስረዳሁ። ጥሩ አድርጌ ነበር ያስረዳሁት፤ ክፍል ውስጥ ቢሆን ተማሪ ይጽፈው ነበር። ጌጤ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ጋሽ ሙሉነህ፣ ልጅ ወልደው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያ ይተዉኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወች። ደወሏን ትመታለች፤ ክፍሎቹን ትጠርጋለች፤ የቅዳሴ ደወል ሲሰማ ግን በሯን ትዘጋለች። ቅድስት ብትለምናት፣ ጎረቤት ቢለምናት፣ «የት ሄጄ ምን ልበል?» ነበር መልሷ። ማዕተቧን አልበጠሰችም። አንድ ቀን ክሩን በጣቷ ስታዞር አየኋትና፣ ልትበጥሰው ነው ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። «አይዞዎ» አለችኝ። «እሱ እኔን ቢተወኝ ነው እንጂ እኔማ በምን አቅሜ።»

በዓመቱ ስቅለት ደረሰ። ዓርብ፣ ቀኑ ሲጋመስ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ግንቡን ተደግፋ ተቀምጣ አገኘኋት። ለምን እንደመጣች አልጠየቅኋትም። ከጓደኞቹ ጋር እንደተጣላ ሰው ነበረች፤ ከሁሉም ተለይታ፣ ግን ከቅጥሩ ሳትወጣ። ሕዝቡ ይሰግዳል፤ እሷ አትሰግድም። ግብረ ሕማማቱ ሲነበብ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። አጠገቧ ተቀመጥሁ፤ ጉልበቴም አይታጠፍልኝም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያ ቃል ተነበበ። ኤሎሄ፣ ኤሎሄ።

«ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው የኖረችው ነው፤ ያን ዕለት ግን እንደ አዲስ ጠየቀች።

«አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ።»

«ማን ነው ያለው?»

«እሱ ራሱ።»

«ጌታ? በራሱ አፍ?»

«በራሱ አፍ።»

ማዕተቧን በጣቷ አዞረች። ከዚያ፣ «ማን መለሰለት?» አለችኝ።

ወንጌሉን በልቤ አገላበጥሁት። ሆምጣጤ ያቀረበለት አለ፤ የዘበተበት አለ። የመለሰለት የለም። «ማንም» አልኋት።

«ማንም?» አለች። «እንግዲያ እኔ ማን ነኝ መልስ የምጠብቀው።» ግንቡን ይዛ ተነሣች፤ ነጠላዋን አደገደገችና መስገድ ጀመረች።

እኔ ይህን እንደ ድል አልጽፈውም። ፊቷ ላይ መጽናናት አላየሁም። ያየሁት ሌላ ነገር ነው፤ ሸክሙ ሳይቀልለት አብሮት የሚሸከም ሰው ያገኘ ሰው ፊት። እኔ በመጻሕፍት ውስጥ ሰው ለምን ይሰቃያል ለሚለው መልስ ስፈልግ አርጅቻለሁ። ያቺ ሴት መልስ እንደሌለ ሰማች፤ ሰምታም ጸናች። ከመስቀሉ የመጣላት ብርታት ይኸው ነበር፤ እሱም ሳይመለስለት እስከ መጨረሻው መቆየቱ።

ምሽት ሲቃረብ እንደ ልማዱ ካህናቱ በደጁ ተሰለፉ፤ ሕዝቡ ጀርባውን እየሰጠ በወይራ ቅጠል ይጠበጠባል፤ የስግደቱም ቁጥር ይነገረዋል። ጌጤ ቄስ ቀለመ ወርቅ ዘንድ ቀረበች። ጠበጠቧት፤ ሃምሳ ስገጂ አሏት። አልተነሣችም።

«ይኼ የኔ ነው። አሁን የጌትነትን።»

«የሞተ አይሰግድም እመት ጌጤ።»

«እኔ እሰግድለታለሁ። እርስዎ ይምቱ ብቻ።»

ከኋላ ያለው ሰልፍ አጉረመረመ፤ አንዷ «አሁን ይኼ ደግሞ ከየት የመጣ ነው፣ እኛስ አልደከመንም?» አለች። ቄሱ ወደ ሰልፉ አዩ፣ ወደ እሷ አዩ፤ ከዚያ ወይራውን አንሥተው ሦስት ጊዜ፣ ቀስ አድርገው መቷት።

«ስንት?»

«አርባ» አሉ። አስበውበት ይሁን እንዲያው ከአፋቸው አምልጦ አላወቅሁም። እሷ ግን ቀና ብላ አየቻቸው፤ በዓመቱ ውስጥ የሰው ዓይን ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልቀረችም። በሳቅም አልተመለሰችም። ሆሳዕና ሲሆን ከሁሉ በኋላ ትወጣለች።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ሆዷን ማመም ጀመራት። ደብረ ታቦር ደርሳ ስትመለስ የተነገራትን አልደበቀችንም፤ «አብቅቷል ብለውኛል» አለች። ኅዳር ሲገባ፣ ጤፉ ሲታጨድ፣ ከመደቧ መነሣት አቃታት። አንድ ቀን ከሰዓት ቄስ ቀለመ ወርቅንና እኔን አስጠራችን። ቅድስት እግርጌዋ ተቀምጣለች።

«አባ፣ ጌታ ሲሞት ወዴት ወረደ?»

«ወደ ሲኦል።»

«ለምን?»

«የታሠሩትን ነፍሳት ሊያወጣ።»

«ላይ ሆኖ ማውጣት አይችልም ነበር?»

«ይችላል እንጂ። ምን ይሳነዋል?»

«ታዲያ ለምን ወረደ?»

ቄሱ ከትምህርታቸው ፈልገው ብዙ ሊሉ ይችሉ ነበር። «ስለወደዳቸው» ብቻ አሉ።

«እኔም እሱን ነው የምለምናችሁ» አለች። «ስሞት ያለ ፍትሐት ቅበሩኝ። እስከ አርባዬ ስሜን አትጥሩ። ልጄ አርባ ቀን የቆመበት ደጅ እኔም ልቁም። በክህደት እንዳይመስላችሁ። አምኜ ነው።»

መጀመሪያ የጮኸችው ቅድስት ናት። «እማ! ሰው ምን ይለናል? እንደ ከሃዲ ተቀበረች ይሉናል እኮ! እኔ እዚህ ከተማ ቀና ብዬ የምሄድ ይመስልሻል?»

«ሰው ይረሳል ልጄ።»

«አይረሳም!»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሰሙነ ሕማማት ቢሆን ሥርዓቱ ያስገድደኛል። በኅዳር፣ ንስሐ ገብታ፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብላ የሞተችን ክርስቲያን ዝም ብዬ ልቅበር? በምን ሥልጣኔ? ይህን አትጠይቂኝ።»

ወደ እኔ ዞረች። «ጋሽ ሙሉነህ፣ እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፤ ይሰሙዎታል። ይናገሩልኝ።»

«እናገራለሁ» አልኋት።

ይህን ስል እንደማልናገር አውቅ ነበር። ሰው በሞት አፋፍ ላይ ላለ ሰው የሚሰጠውን ቃል ቀላል ያደርገዋል፤ የሚጠይቀው አይኖርምና። ሐሙስ ጠዋት አረፈች። የትምህርት ቤቱ ልጆች ቸርኬውን የሚመታ አጥተው አርፍደው ገቡ።

አስከሬኗ ከቤት ሲወጣ ካህናቱ ከአራት አጥቢያ ተሰብስበው ነበር፤ ለጽዳት ሠራተኛ እንዲህ ያለ ቀብር አይተን አናውቅም። ቅድስት በዚህ ተጽናናች፤ አልፈርድባትም። አስከሬኑን እያሳረፉ ፍትሐት ከሚያደርሱባቸው ቦታዎች የመጀመሪያው ቸርኬው የተንጠለጠለበት ባሕር ዛፍ አጠገብ ነበር። አፌን የምከፍትበት ቦታ ካለ እሱ ነበር። ቄስ ቀለመ ወርቅ አንድ አፍታ ወደ እኔ ተመለከቱ፤ እንድናገር ይሁን እንዳልናገር እስካሁን አላውቅም። ዘንጌን ተደግፌ መሬት መሬቱን አየሁ። ጸሎቱ ተጀመረ፤ የክርስትና ስሟም ተጠራ፤ አመተ ማርያም።

እስከ አርባዬ ስሜን አትጥሩ ነበር ያለችን። ከቤቷ እስከ መቃብሩ ሰባት ጊዜ አሳረፏት፤ ሰባት ጊዜም ጠሩት።