የተረፈችን ሦስት ፐርሰንት

ትናንት ከቦሌ ወደ ለገሃር በታክሲ ስመለስ ስልኬ ባትሪ ሊጨርስ መሆኑን ነገረኝ። አቀርቅሬ የማልፈልጋቸውን ነገሮች አንድ በአንድ መዝጋት ጀመርኩ። ሳላስበው አፌ «ወራጅ አለ» አለ። ለስልኩ ነበር ያልኩት። ሹፌሩ ግን ደምበል ጋ ጥግ ያዘ፣ ረዳቱም በሩን ከፍቶ ጠበቀኝ። ምን ብዬ ላስረዳ? አፍሬ ወረድኩ።

ይህን ያስለመደኝ ታላቅ ወንድሜ ሸምሱ ነው። ካረፈ ስምንት ወር ሆነው። ስለ እሱ ለመጻፍ ስንቴ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ከየት እንደሚጀመር አላውቅም። በቃ፣ ከዚያች ቀን ልጀምር።

ሸምሱ ከካዛንቺስ ለገሃር በምትሠራ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ተፈትኜ ውጤት እጠብቃለሁ። ውጤቱ በማግስቱ ከሰዓት በኢንተርኔት ይለቀቃል ተባለ። የራሴ ስልክ አልነበረኝም። ሸምሱ በእሱ ስልክ የኢንተርኔት ጥቅል ገዛና ማታ ሰጠኝ።

«በል ፕሮፌሰር፣ ያንተን ነገር የምናይበት ነው። ጠብቀው።»

ፕሮፌሰር የሚለኝ ሲያሾፍብኝ ነው። ግን ከልቡም ነበር። ከቤታችን እዚያ ክፍል የደረስኩት የመጀመሪያው እኔ ነኝ።

እኔ ምን አደረግኩ? የኳስ ጎል አየሁ። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይጀምራል። እኔን እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ስልኩ ግን አልተኛም። ጠዋት ስንነሳ መብራት የለም። ባትሪው አሥራ አንድ ፐርሰንት፣ ከጥቅሉ የቀረው ሃያ ሜጋ ብቻ።

ሸምሱ ስልኩን ነካካ፣ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለና «ይሄ ስልክ ትርፍ ጭኗል» አለ። «ያለ ሂሳብ የተሳፈረውን ሁሉ እናውርድ።»

እንደ ሥራው ጮክ ብሎ ጀመረ።

«ሎኬሽን፣ ወራጅ አለ! የት እንዳለን እኛው እናውቃለን። ብሉቱዝ፣ ወራጅ! ቴሌግራም፣ አንተ ሳትጠየቅ ፎቶ የምታወርደው፣ ውረድ! በራሱ የሚጫወተው ቪዲዮስ? እሱማ በመስኮት!»

ጎረቤት ይስቃል። እኔ አንገቴን ደፋሁ። የስክሪኑን ብርሃን ጽሑፉ እስኪጠፋ ድረስ ቀነሰው፣ በመጨረሻ ዳታውን ራሱን ዘጋው።

በዚያ ቀን ጓደኛውን ተክቶ ከሥራ ቀረ። ለገሃር መብራት አለ ሲባል ሰምተን በእግራችን ወረድን። ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት መንገዱ ጭቃ ነበር። የተጠበሰ በቆሎ ገዛ፣ ለሁለት ሰበረና ትልቁን ለእኔ ሰጠኝ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚሰብረው፣ ትልቁ በእኔ በኩል እንዲሆን አድርጎ። ለገሃር ስንደርስ እዚያም መብራት የለም።

ስምንት ሰዓት ላይ ዝናብ ጣለ። አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠግተን ዳታውን ከፈተ። ገጹ እንቢ አለ። እንደገና ሞከርን። ሰባት ፐርሰንት። ስድስት። «አትነካካው፣ ቀስ በል» ይለኛል፣ ራሱ ግን ደጋግሞ ይነካዋል። ሦስት ላይ ሲደርስ ተከፈተ።

«አላለፍኩም» አልኩት።

«አየሁ።»

እንባዬ መጣ። በቆሎው በእጄ ቀዝቅዟል።

«ለመሆኑ» አለ ሸምሱ፣ «ጎሎቹ እንዴት ነበሩ?»

ክው አልኩ። «አውቀህ ነበር እንዴ?»

«ገና ጠዋት ነው ያወቅኩት። ባትሪውን ምን እንደበላው ስልኩ ራሱ ይናገራል እኮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«በውጤትህ ቀን ልቆጣህ? አብደሃል?» አለኝ። ስልኩን አየት አደረገና «ሦስት ፐርሰንት ተርፋናለች። ምን እናድርግባት?» አለ።

«ለእማዬ እንደውልላት።»

«አይሆንም። እሷ ይሄን በስልክ አትሰማም። ቤት ገብተን አብረን እንነግራታለን።»

ከዚያ ቀኑን ሙሉ የሰሰተለትን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው። «ግቡ ግቡ፣ ቦታ አለ!» ብሎ ጮኸ። ከአጠገባችን የተጠለሉት ሰዎች ዞር ብለው አዩን። አንገቴን አቅፎ ስልኩን ወደ ላይ ዘረጋና ፎቶ አነሳን። ስልኩ እጁ ላይ ጠፋ።

ፎቶው የተረፈ አልመሰለንም ነበር። ማታ መብራት ሲመጣ አገኘነው። የእኔ ፊት በእንባ ርሷል። የእሱ ግንባር ተቆርጧል፣ ጥርሱ ግን በሙሉ ይታያል። አሁን እኔ ስልክ ላይ ነው።

ትናንት ደምበል አስፋልቱ ዳር ቆሜ ባትሪዬን አየሁ። አራት ይላል። እስካሁን ሸምሱ ያስተማረኝ መቆጠብን ብቻ ይመስለኝ ነበር። የቆጠበውን በምን እንደጨረሰው ግን አብሬው ቆሜ አይቻለሁ። ፎቶውን አወጣሁ፣ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት፣ ስልኩ እስኪጠፋም አየሁት።

የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ለገሃር ስደርስ ከመንገድ ዳር አንድ የተጠበሰ በቆሎ ገዛሁ። ሳላስበው ለሁለት ሰብሬዋለሁ።