የማዳም ማሽንና የጾም ሳህኔ

የልጅ ልጆቼ «ይንገሩን» ብለው ያዙኝ። ገርጂ ላለው ቤታቸው የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ገዝተው ቢላዎቹን ጫፋቸውን ወደ ላይ ሲደረድሩ አይቼ፣ ወደ ታች አድርጉት፣ ማሽኑ ሳይቆምም በሩን አትክፈቱ ብላቸው ተገረሙ። ፊደል ያልቆጠረች አያት ይህን ከየት አመጣችው?

በደርግ ጊዜ ነው። ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ ወረድ ብሎ አንዲት ፈረንጅ ቤት እሠራ ነበር፤ ማዳም እንላታለን። እኛ ስኳር በቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ስንገዛ፣ እሷ ዕቃ የሚያጥብ ማሽን ነበራት። ወጥ ሠሪዋ እትዬ አስካለ «የሰነፍ መኪና» ይሉታል።

ማዳም ሥርዓቱን በተሰባበረ አማርኛዋ አሳይታኛለች፤ ፍርፋሪውን ማራገፍ፣ የልብስ ሳሙና አለመጨመር፣ ቢላ ጫፉን ወደ ታች። ትንሽ ልጅ ስላላት በቢላ ነገር ምሕረት የላትም። ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ቢላ አቁማ በመደርደሯ ተባራለች። እኔ ብባረር ደግሞ፣ ኮተቤ ያለችው በሽተኛ እናቴ ከእኔ ሌላ ጧሪ የላትም።

ሁዳዴ ገብቷል። የጾምና የፍስክ ዕቃ ስለማይቀላቀል የእኔና የእትዬ ሳህን ለብቻው በእጅ ይታጠባል። አንድ ቀን ምሳ ላይ እንግዳ በዛና እኔና እትዬ እየተጋፋን ማሽኑን ሞላነው። ማጉረምረም ከጀመረ በኋላ የሽሮ ሳህኔን ፈልጌ አጣሁት። ለካ ከሥጋው ሳህን ጋር ገብቷል። ቶሎ ላውጣው ብዬ በሩን ከፍቼ እጄን ሰደድኩ። እንፋሎቱ ፊቴን ሲለበልበኝ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ መዳፌ የቆመ ቢላ ላይ አረፈ።

ማዳም ሮጣ መጣች። እጄን በፎጣ ጠቅልላ፣ ቢላውን ማን እንዲህ እንዳስቀመጠው ጠየቀች። እኔ መሆኔን አልተጠራጠርኩም፤ እናቴ ግን ታወሰችኝ።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ አስካለ። «የሚባረር ካለ እኔ ልውጣ።»

የእሳቸውን ወጥ ለምዶ ማን ይለቃቸዋል? ማዳም ነገሩን ትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ስመለስ እትዬ፣ «ለአንድ ሳህን ብለሽ እጅሽን ልትገብሪ? እግዜር ሳህን አገላብጦ አያይም» ብለው ተቆጡኝ።

ልጆቹ ይህን ሰምተው፣ ስለ ሰው የዋሸች ጻድቅ አሏቸው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ብዬ አመሰግናቸው ነበር። ሠርጌ ላይ በእናቴ ቦታ አስቀምጫቸዋለሁ። ሰው ሲወድ ብዙ አይመረምርም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አርጅተው የካ አባዶ ሳሉ ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ያን የደግነት ውሸታቸውን አነሳሁባቸው። ትክ ብለው አዩኝ።

«የምን ውሸት?» አሉ። «ቢላውን ያቆምኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልልሽ ስል ቀድመሽ አመሰገንሽኝ፤ ከዚያ ወዲያ አፍሬ ኖርኩ።»