ውሃ የፈሩት እናት

የያዙኝ ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገዝቼ ስመለስ ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች በስሜ ጠሩኝ። «ለአጭር ጥያቄ ነው» አለ አንደኛው፣ በትሕትና። ዓሣው በፌስታል እጄ ላይ እንደተንጠለጠለ ፒካፑ ላይ ወጣሁ። በፒያሳ ስናልፍ የማውቃት ፀጉር ሠሪ ከሱቋ ደጃፍ ሆና እጇን አወዛወዘችልኝ። ሰው ሊፍት የሰጠኝ መስሏት ነው። እኔም መልሼ አወዛወዝኩላት።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የዕቃ ማከማቻ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። ዐሥራ አንድ ሴቶች ነበሩበት። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። እኔ ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት የሽንት ሕሙማን በሚተኙበት ዎርድ ስለሆነ፣ ጨርቅ ላይ ደርቆ የቀረ ሽንት ከቆሸሸ መጸዳጃ ቤት ሽታ እንደሚለይ አላጣውም። ከበሩ ጥግ፣ ካርቶን ላይ፣ ጉልበታቸውን ገጥመው የተቀመጡ አሮጊት አየሁ። ከእሳቸው እስከ ቀሩት ሴቶች ድረስ አንድ ሰው የሚያስተኛ ባዶ ቦታ ነበር። ሌሎቹ ግን ጎን ለጎን እንኳ መተኛት አቅቷቸው በየተራ ነው የሚጋደሙት።

ገና ከመቀመጤ አንዷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ተጠንቀቂ፣ እዚህ ወሬ የምታወጣ አለች» አለችኝ። ቀጥሎ አንዲት ወጣት መምህርት ጠየቀችኝ።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው።»

ዋሸሁ። በከተማው ግርግር በነበረ ሰሞን ጎረቤቴ ቤት ውስጥ እግሩ የቆሰለ ሰው አጥቤ አስሬለት ነበር። የታሰርኩት በዚህ ተጠርጥሬ ነው። መርማሪዎቹ ነርስ መሆኔን ያውቃሉ። ማንን እንዳከምኩ ግን አላወቁም፤ እኔም ማንንም አላከምኩም ብዬ ክጃለሁ። እዚህ ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ ካልኩ ጥያቄ ይመጣል፤ ጥያቄው ጨዋታ ይሆናል፤ ጨዋታው መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ማንንም ላልነካ ወሰንኩ።

አሮጊቷ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የቱላ ሰው ናቸው። ወንድ ልጃቸው ተፈልጎ ሲታጣ እሳቸውን አመጧቸው። አፋቸውን የፈቱት በሲዳሙ አፎ ስለሆነ አማርኛን ቀስ ብለው፣ ቃል እየመረጡ ይናገራሉ። ሁላችንም «እማማ» እንላቸው ነበር።

በሩ ለመጸዳጃ የሚከፈተው በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ለእሳቸው ይህ አይሆንም። ሲያስሉ ያመልጣቸዋል፤ ሲነሡም ያመልጣቸዋል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ውሃ ሲዞር ጠርሙሱን ተቀብለው ከንፈራቸውን ብቻ አርጥበው ያሳልፉታል። ዎርድ ውስጥ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! እንዳያመልጠው ብሎ ውሃ የሚተው ሰው ሽንቱ ይወፍራል፣ ፊኛው ይቆጣል፣ ጭራሽ ይብስበታል። ኢንፌክሽን ከያዘው ደግሞ ወደ ኩላሊት ይወጣል። «እማማ፣ ውሃ ይጠጡ» ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ይህን ለማለት ነርስ መሆን እንኳ አያስፈልግም። አላልኩም።

በሁለተኛው ቀን መምህርቷ በሩን የምትጠብቀውን ፖሊስ አነጋገረቻት።

«እኛም እኮ ሰው ነን። ሌላ ክፍል ይውሰዷቸው።»

«የት ልውሰዳቸው? ሆቴል መሰለሽ?»

አንዳንዶቹ ሳቁ። እማማ ቀሚሳቸውን ከሥራቸው ሰብስበው ወደ ግድግዳው ይበልጥ ተጠጉ። እኔ አልሳቅኩም። ጋቢዬን ግን ወደ ራሴ ሳብ አደረግኩት። ማንም ልብ አላለም፤ እሳቸው ግን አዩኝ።

በሦስተኛው ቀን ከጎድን አጥንታቸው ሥር፣ ከጀርባ በኩል፣ በእጃቸው ደግፈው ይዘው ዋሉ። የት ላይ እንደያዙ ሳይ ኩላሊታቸው መሆኑ ገባኝ። «ነገ እናገራለሁ» አልኩ ለራሴ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ሲከፈት አልተነሡም። ይንቀጠቀጣሉ። በሲዳሙ አፎ እዚያ ከሌለ ሰው ጋር ያወራሉ። ግንባራቸውን ነካሁት፤ ይፋጃል።

«አትንኪያቸው፣ ይጋባብሻል» አለች አንዷ።

«አይጋባም። ነርስ ነኝ።»

መምህርቷ ትኩር ብላ አየችኝ። «ታዲያ እስካሁን?» አለች።

ፖሊሷን ጠራኋት። «ኢንፌክሽኑ ኩላሊታቸው ጋ ደርሷል። ዛሬ ሐኪም ካላያቸው እዚሁ ይሞታሉ፣ በአንቺ ተራ።»

«በምን አወቅሽ?»

«ሥራዬ ነው።»

አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየችና «ለአለቃ ልንገር» ብላ ሄደች። ረፋዱ ላይ ወሰዷቸው። ከሁለት ቀን በኋላ መርፌ ተወግተው፣ ኪኒን ይዘው፣ ፊታቸው ከስቶ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬን ሠራሁ። መምህርቷ ማንም ሳይጠይቃት ነጠላዋን ቀደደች፤ እኔ አጥፌ አወፈርኩት። ሞዴስ የነበራት ሞዴስ ሰጠች፤ ለቆሰለው ቆዳቸው ቫዝሊን ተገኘ። ሳጥባቸው ሁለት ሴቶች አንሶላ ወጥረው ይይዛሉ፤ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው። ፖሊሷ ተረኛ በሆነችበት ቀን በየሦስት ሰዓቱ በሩን ልትከፍትልን ተስማማች፤ ሽንቱ ሳይመጣባቸው ቀድመን እንድንሄድ። የቸገረን ውሃው ነበር።

«ይጠጡ፣ እማማ።»

«ይመጣብኛል እኮ።»

«ይምጣ። ጨርቅ አለን።»

ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ጠጡት።

አንድ ቀን ሳጥባቸው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«የመጨረሻ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ። ሃያ ዓመት አለፈ። ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ነው የምቀመጥ፣ በሩ ጋ። ለመዝሙር ሰው ሲቆም እኔ አልቆምም።»

«ሐኪም ጋ አልሄዱም?»

«ሄጄ ምን ልበል?»

«የመጣሽ ቀን ነው ያወቅሽው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈርቼ።»

«እኔም ፈርቼ ነው ውሃ ያልጠጣሁ» አሉ። ከዚያ እንዳጥባቸው ክንዳቸውን አነሡልኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ አፌ ላይ ደርሶ ነው የተመለሰው።

በዚያው ሳምንት መርማሪው ጠራኝ።

«እዚያ ውስጥም ሰው ታክሚያለሽ አሉ።»

ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላውቅም። «አዎ» አልኩት።

«ያኛውንስ ሰውዬ?»

«እሱንም አክሜያለሁ። ቆስሎ ነበር፤ አጠብኩት፤ አሰርኩለት።»

ስሙን ጠየቀኝ፤ አልነገርኩትም። ያችን መልስ ጽፎ አስፈረመኝ። ከሌሎቹ ሁለት ወር ያህል ዘግይቼ የወጣሁት በዚያች መልስ ይመስለኛል።

እማማ ግን ከእኔ በፊት ተፈቱ። ፖሊሷ በሩን ከፍታ «ቶሎ ይበሉ» አለቻቸው። እሳቸው አልቸኮሉም። ንጹሕ ጨርቅ ጠየቁኝ። አንሶላው ተወጠረ፤ ቀየርኩላቸው፤ ቀሚሳቸውን ከኋላ ሳብ አድርጌ አስተካከልኩላቸው። ከዚያ ውሃ አሉ። ፖሊሷ ፊት ቆመው ኩባያውን ሙሉ ጠጡ፤ አፋቸውን ጠረጉ፤ ሁላችንንም በየተራ ሳሙን፤ መምህርቷንም ጭምር። ቀና ብለው ወጡ።

ከተፈታሁ በኋላ ቱላ ድረስ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ሽንት የሚይዘውን ጡንቻ የሚያጠነክረውን እንቅስቃሴ አስተማርኳቸው፤ ማምለጡ በጣም ቀነሰላቸው። ኩላሊታቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ለክትትል ይዣቸው ስሄድ ሐኪሙ «ያኔ ምልክቱ ከታየ ስንት ቀን ቆይተው ነው የታከሙት?» ሲል ጠየቀ። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው አዩ። «ሦስት ቀን» አልኩ እኔ። ጻፈው። ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደሚችልም ነግሮኛል። ሊሆን ይችላል።

እማማ ያረፉት ባለፈው ዓመት ነው። ዛሬም እዚያው ዎርድ እሠራለሁ። ለሌላ ሕመም የምትመጣን ሴት ሁሉ ሳታነሣው በፊት እኔ እጠይቃለሁ፤ ሽንት ያመልጥሻል ወይ፣ ውሃ ትጠጫለሽ ወይ። ብዙዎቹ መሬት መሬት እያዩ «አዎ» ይላሉ።

በለቅሶው ላይ ሴት ልጃቸው እጄን ይዛ አልለቅ አለችኝ። «እናቴን ያጠብሽ አንቺ ነሽ» አለች። «ሁሉም ሲሸሿት አንቺ ብቻ ከመጣሽበት ቀን ጀምሮ አልሸሸሽም። እሷ ራሷ ናት የነገረችኝ። እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

እንዲያ አልነበረም ልላት አፌን ከፈትኩ። ሰው በዝቶ ነበር፤ እሷም ታለቅሳለች።

«አሜን» አልኩ።